ደካማ ጠመንጃ ለመሥራት የሚደክሙ ሰዎች

ጠመንጃ የሚባል ነገር ከተሠራ ወዲህ የባለእጁ ሁሉ ድካም ወደ አንድ ግብ ሲያመራ ኖሯል፤ ይኸውም ጥይቱ ከትናንቱ ይልቅ ርቆ እንዲሄድና የመታውን አጥብቆ እንዲመታ ነው። ስለዚህ አንድ የተማረ ሰው የዕረፍት ቀኑን ሠውቶ፣ ከደመወዙም ቆርሶ፣ ጠመንጃውን በገዛ ጠረጴዛው ላይ ብሎን በብሎን ፈታቶ ሲያበቃ «እሰይ፣ ጉልበቱ ቀነሰ!» ብሎ ቢደሰት ሰሚው ሁሉ የሚገረም ይመስለናል። ዛሬ በዚህ ገጽ የምናነሣው እንዲህ ያሉትን ሰዎች ነው።

ጠመንጃው ኤርሶፍት ይባላል። በመልኩና በመጠኑ እውነተኛውን መሣሪያ ቁርጥ ይመስላል፤ በሆዱ ግን ባሩድ የሚባል ነገር የለም። የሚተኩሳት 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ክብ የፕላስቲክ ፍሬ ናት፤ ክብደቷም ብዙውን ጊዜ 0.20 ወይም 0.25 ግራም ነው። ቀላሏን ፍሬ 5,000 ያህል ቆጥረን ብንመዝን ገና አንድ ኪሎ መሙላቱ ነው። ፍሬዋን የሚገፋት ታምቆ የተለቀቀ አየር ነው። ተጫዋቾቹ በሁለት ወገን ተከፍለው፣ ዓይናቸውንና ፊታቸውን ሸፍነው ይገጥማሉ፤ የተመታው እጁን አንሥቶ ይወጣል፤ ጨዋታው ሲያልቅም ሁሉም አንድ ላይ ተቀምጠው ውሃቸውን እየጠጡ የሆነውን ያወራሉ።

ሜዳው ጫካ ሊሆን ይችላል። በትላልቅ ከተሞች ግን መሬት ውድ ነውና፣ የቆየ መጋዘን ወይም የአንድ ሕንፃ ወለል በእንጨት ግድግዳ ይከፋፈልና፣ ጓዳና መተላለፊያ፣ በርና መስኮት ወጥቶለት የጨዋታ ቤት ይሆናል። እዚያ ውስጥ ተጋጣሚ የሚገኘው በአምሳ ሜትር ርቀት አይደለም፤ በሩን ገፋ ሲያደርጉት በሦስት እርምጃ ላይ ቆሞ ነው። ጠመንጃን ለእንዲህ ያለው ጠባብ ቤት በእጅ ማሰናዳት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። ጨዋታውም ሙያውም የተወለዱት በጃፓን ስለሆነ ወሬያችንን ከዚያ እንጀምር። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በጃፓን ተራ ሰው ሽጉጥ ሊኖረው አይችልም። በ1958 የወጣው የጦር መሣሪያና የሰይፍ መቆጣጠሪያ ሕግ እጅግ ጥብቅ ነው። እጅ ያልደረሰበትን ነገር ዓይን መመኘቱ የታወቀ ነውና፣ መልኩን ብቻ የሚመስሉ የብረት አምሳያዎች ገበያውን ሞሉት። በ1971 ሕጉ ተሻሽሎ፣ የብረት ሽጉጥ አምሳያ አፈሙዙ ካልተደፈነና ነጭ ወይም ቢጫ ካልተቀባ እንዳይያዝ ታዘዘ። ሠሪዎቹም ፊታቸውን ወደ ፕላስቲክ አዞሩ፤ ከፕላስቲኩም አየር እየተፋ ፍሬ የሚወረውር አምሳያ ወጣ። በመጀመሪያው ዘመን ተጫዋቹ ለእያንዳንዱ ተኩስ ሞላውን በእጁ ይስብ ነበር፤ ወይም የጋዝ ዕቃ ተሸክሞ ይዞር ነበር። በ1965 የተቋቋመው ቶኪዮ ማሩይ የተባለው ኩባንያ ፋማስ የተባለውን የፈረንሳይ ጠመንጃ አምሳያ በ1991 በባትሪና በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ አድርጎ ባወጣ ጊዜ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት የኤሌክትሪክ ኤርሶፍት ጠመንጃዎች አብዛኞቹ የዚያ አሠራር ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው ብንል ከእውነቱ አንርቅም።

የሰው ልጅ ግን የገዛውን ነገር እንደተሰጠው አይተወውም። ጠመንጃውን በቤታቸው ፈተው ጠንካራ ሞላና ጠንካራ ክፍል የሚከቱበት ሰዎች ተነሡ። መጫወቻው በጥቂት ሰዎች እጅ መጫወቻነቱን ተወ፤ በ2005 በአውራ ጎዳና በሚያልፉ መኪኖች ላይ በእንዲህ ዓይነት የተጠናከረ የአየር ጠመንጃ ተተኩሶ መስተዋት ተሰበረ። የሀገሩም ምክር ቤት ዝም አላለም። በ2006 ሕጉ እንደገና ተሻሻለና ከዚያው ዓመት ኦገስት ወር ጀምሮ፣ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ፍሬ የሚተኩስ ጠመንጃ ጉልበቱ ከ0.989 ጁል ካለፈ ከመጫወቻነት ወጥቶ የተከለከለ መሣሪያ እንዲሆን ተደነገገ። መተኮሱ ብቻ ሳይሆን መያዙም ያስጠይቃል ማለት ነው።

ይህ 0.989 የሚባል ቁጥር ከየት መጣ የሚል ተማሪ ይኖራል። ሕጉ ያሰበው በፍሬው የፊት ስፋት ነው፤ ለአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር 3.5 ጁል ብሎ ወሰነ። ባለ 6 ሚሊ ሜትሩ ክብ ስፋቱ 0.283 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ሁለቱን ብናባዛ የተባለውን ቁጥር እናገኛለን። አንድ ጁል ራሱ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ፣ መቶ ግራም ያህል የምትመዝን ትንሽ ብርቱካን ከመሬት አንሥቶ በአንድ ሜትር ከፍታ ላይ ማስቀመጥን እናስብ። ኢምንት ነው። ነገር ግን ያ ኢምንት ጉልበት በሙሉ ተጠራቅሞ ከባቄላ በምታንስ ነጥብ ላይ፣ ነጥቧም በዓይን ብሌን ላይ ያረፈች እንደሆነ፣ ብርቱካኗን እያነሡ ነገሩን ማቃለል አይቻልም።

በቶኪዮ ለሁለተኛ ዲግሪ የተላከ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛችን ለዕረፍት መጥቶ በነበረበት ሰሞን ሻይ ቤት ተቀምጠን ይህን ጨዋታ አንሥቶልን ነበር። በአንድ ላቦራቶሪ አብሮት የሚሠራ ጃፓናዊ ወዳጅ አለው፤ ቅዳሜ ማታ ቤቱ ሄዶ ሲሠራ ያየዋል።

«እኔን መጀመሪያ የገረመኝ ጠመንጃው አይደለም፤ ፎጣው ነው» አለን። «ጠረጴዛው ላይ ነጭ ፎጣ ያነጥፋል። ትንሿ ሞላ ተፈናጥራ ስትወድቅ እንዳትንከባለል፣ ብሎንም እንዳይጠፋ ነው። የፈታውን ዕቃ በፈታበት ተራ ይደረድራል፤ ሁሉንም ፎቶግራፍ ያነሣል። ከዚያ በኋላ ነው ካቻቢቴውን የሚጨብጠው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ከደከመ ጉልበቱን ለምን አይጨምርበትም?» ብለን ብንጠይቀው ሣቀብን።

«እናንተም እንደ ሁሉ ሰው ናችሁ! እኔም እንዲሁ ብዬ ብጠይቀው፣ ‹ጉልበት መጨመር እኮ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው› አለኝ።»

ነገሩን ለመረዳት የጠመንጃውን ሆድ ማየት ያስፈልጋል። ከምላጩ በላይ አንድ የብረት ሳጥን አለ፤ የኛ መካኒኮች ቢያዩት ካምቢዮ ብለው የሚጠሩት ይመስለናል። በውስጡ ሦስት ጥርሳም መዘውሮች ተያይዘው ይዞራሉ፤ የሚያዞራቸው በእጅ መያዣው ውስጥ የተቀበረው ትንሽ ሞተር ነው። ሦስተኛው መዘውር ጥርስ ያለው በግማሽ ጎኑ ብቻ ነው። በጥርሳሙ ጎኑ ፒስተኑን ይዞ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ከፒስተኑ በስተኋላ ያለው ሞላም ይጨመቃል። ጥርስ የሌለው ጎኑ ሲደርስ የያዘውን ይለቃል፤ ሞላውም ፒስተኑን ወደ ፊት ይወረውረዋል፤ በሲሊንደሩ ያለው አየር ታምቆ በአፍንጫው በኩል ይወጣና ፍሬዋን በቱቦው ይዟት ይሄዳል። አንድ ዙር አንድ ተኩስ ነው። ይህን የመሰለ ቀላል ብልሃት በእጅ ካልፈቱት በቀር አያስደንቅም።

ሞላዎቹ በቁጥር ይጠራሉ። ኤም 100 የተባለው ባለ 0.20 ግራሙን ፍሬ በሴኮንድ 100 ሜትር ያህል ፍጥነት እንዲወረውር ታስቦ የተሠራ ነው፤ ኤም 90 እንዲሁ 90 ሜትር። የፊዚክስ መምህሮቻችን ያስተማሩንን እናስታውስ፤ የክብደቱን ግማሽ በፍጥነቱ ካሬ ማባዛት ነው። በሴኮንድ 100 ሜትር የሚሄድ 0.20 ግራም ፍሬ ልክ 1 ጁል ይዞ ይወጣል፤ ከጃፓን ሕግ በጥቂት አለፈ ማለት ነው። በሴኮንድ 90 ሜትር ከሆነ 0.81 ጁል ነው። የጓደኛችን ወዳጅ ጠመንጃ ሲገዛ 95 ሜትር ይወረውር ነበር፤ ይኸውም 0.90 ጁል ነው። ለቤት ውስጥ ጨዋታ ሲያሰናዳው ወደ 85 ሜትር አወረደው፤ 0.72 ጁል ሆነ። ፍጥነቱ በአሥር ሜትር ሲቀንስ ጉልበቱ አንድ አምስተኛውን አጣ።

ጉልበቱ የጠፋው ግን በከንቱ አይደለም፤ በምትኩ የተገኘ ነገር አለ። ሞላው ሲለሰልስ የሞተሩ ሸክም ይቀላል፤ ሸክሙ የቀለለ ሞተር ምላጩ በተነካ ቅጽበት ይነሣል። በጠባብ ቤት ውስጥ ሁለት ሰዎች በአንድ በር ድንገት ሲገናኙ የሚያሸንፈው ጠመንጃው የበረታለት አይደለም፤ ጠመንጃው የፈጠነለት ነው። በጃፓን ብዙ የቤት ውስጥ ሜዳዎች ምላጭ አንድ ጊዜ ሲሳብ አንድ ፍሬ ብቻ እንዲወጣ ስለሚያዝዙ፣ እንደ ዝናብ ማርከፍከፍ አይቻልም፤ ያቺ አንዷ ፍሬ ሳትዘገይ መውጣቷ ነው ጉዳዩ። እኛም የነገሩ ውል የገባን እዚህ ላይ ነው። ኃይልና ቅልጥፍና በአንዲት ትንሽ ሳጥን ውስጥ አንድ ሞተር ሲጋሩ፣ ለአንዱ የተሰጠው ከሌላው ላይ የተቆረሰ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሥራ የትዕግሥት ሥራ ነው። መዘውሮቹ በዘንጋቸው ላይ እንዳይወላወሉ ከሥርና ከላይ ስስ ሮንዴላዎች ይደረጉላቸዋል፤ ውፍረታቸው የአንድ ሚሊ ሜትር አሥረኛ እጅ የሚሆን አለ። አንዱ ሲጨመር መዘውሩ ይጠብቃል፤ አንዱ ሲቀነስ ይንኳኳል። ወዳጃችን እንደነገረን ጃፓናዊው ሳጥኑን ዘግቶ በጣቱ ያዞረዋል፤ ጆሮውን አስጠግቶ ያዳምጣል፤ እንደገና ይከፍታል። በአንድ ምሽት ሰባት ጊዜ ከፍቶ ሰባት ጊዜ ሲዘጋ አይቶታል። «ስምንተኛውን አላየሁም፤ የመጨረሻው ባቡር እንዳያመልጠኝ ወጣሁ» አለ።

የአየሩም ነገር እንዲሁ ነው። በፒስተኑ ራስ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት ከሲሊንደሩ ጋራ በደንብ ካልገጠመ አየሩ በጎን ያመልጣል፤ ያመለጠውም መጠን በየተኩሱ የተለያየ ይሆናል። አንዷ ፍሬ በ85፣ ተከታይዋ በ79፣ ሦስተኛዋ በ88 ሜትር ብትወጣ ጠመንጃው ደካማ ሳይሆን ዐመለኛ ሆነ ማለት ነው። ስለዚህ ቀለበቱ የሲሊኮን ግራሶ ይቀባል፤ አፍንጫውና የፍሬዋ መቀመጫ ሳይፈናፈኑ እንዲገጥሙ ይደረጋል። በቱቦው መግቢያ ላይ ያለችውን ጎማ ግን ግራሶ ሊነካት አይገባም። የዚችን ጎማ ምክንያት ጥቂት እናብራራ።

የፕላስቲክ ፍሬ እንዲሁ ቢወረወር ወዲያው ወደ መሬት ያዘነብላል። ጎማዋ ከላይ በኩል ፍሬዋን ጫን ታደርጋታለች፤ ፍሬዋም ስትወጣ ወደ ኋላ እየተሽከረከረች ትሄዳለች። እየተሽከረከረ በአየር የሚሄድ ክብ ነገር ወደ ጎን ወይም ወደ ላይ የሚገፋ ኃይል እንደሚያገኝ ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ሃይንሪሽ ጉስታፍ ማግኑስ በ1852 አስረድቷል። ቅጣት ምት የሚመታ ተጫዋች ኳሷን አጥምዞ ግድግዳውን ሲያዞራት የምናየው ይኸው ነው። ጎማዋ ግራሶ ከነካት ፍሬዋን ማሽከርከሯን ትታ ታንሸራትታታለች። ሜዳው ጫካ ቢሆን ጎማዋን አጥብቀው ያስጭኗታል፤ በቤት ውስጥ ግን ርቀቱ አጭር ስለሆነ ፍሬዋ ቀጥ ብላ እንድትሄድ ያህል ብቻ ይነኳታል።

ቱቦውም ያጥራል። ረጅም ጠመንጃ ይዞ በጠባብ በር መታጠፍ መሰላል ተሸክሞ ጓዳ እንደ መግባት ነው፤ አፈሙዙ ከባለቤቱ ቀድሞ በበሩ ብቅ ብሎ «መጣልህ» እያለ ያሳጣዋል። የአሜሪካው ኤም 4 አምሳያ የውስጥ ቱቦ 363 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጀርመኑ ኤም ፒ 5 አምሳያ ደግሞ 229 ሚሊ ሜትር። ረጅሙን አውልቆ አጭሩን መተካት ቀላል ቢመስልም የሂሳብ ነገር አለበት። የቱቦው ክፍተት 6.03 ሚሊ ሜትር ቢሆን ረጅሙ ቱቦ 10.4 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር አየር ይይዛል፤ አጭሩ 6.5 ብቻ ነው። ሲሊንደሩ ለረጅሙ ቱቦ የሚበቃውን አየር ለአጭሩ ቢያቀብል፣ ትርፉ አየር ፍሬዋ ከወጣች በኋላ ከኋላዋ ይጮኻል እንጂ አይረባትም። ስለዚህ በጎኑ ቀዳዳ ያለው ሲሊንደር ይፈለጋል፤ ፒስተኑ ቀዳዳውን እስኪያልፍ ድረስ አየር ማመቅ አይጀምርም። በአምስት ሜትር ላይ ላለ ሰው የቱቦው ማጠር ዒላማ አያስትም።

የኤሌክትሪኩ ክፍል ለዘመኑ ልጆች የሚቀርብ ነው። በቀድሞው አሠራር የባትሪው ኃይል በሙሉ በምላጩ ሥር ባሉት ሁለት የብረት ነጥቦች በኩል ያልፍ ስለነበረ፣ በተነካኩ ቁጥር ብልጭታ ያቃጥላቸው ነበር። አሁን ሞስፌት የተባለች ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ማብሪያ በመካከል ትገባለች፤ ምላጩ ትእዛዝ ብቻ ያስተላልፋል፤ ሸክሙን እርሷ ትሸከማለች። ባትሪውም በ7.4 ፋንታ 11.1 ቮልት ሲሆን ሞተሩ ይበልጥ ይፈጥናል፤ ለስላሳ ሞላ ይህን ፍጥነት ያለ ጭንቅ ይቀበላል። ነገር ግን እነዚህ የሊቲየም ፖሊመር ባትሪዎች የተወጉ ወይም ከመጠን በላይ የተሞሉ እንደሆነ በእሳት ይነዳሉ። ማታ ቻርጅ ላይ አድርጎ መተኛት አይገባም። ከጠመንጃው ይልቅ ቤት የሚያቃጥለው ባትሪው ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

እንዲህ ሆኖ የተሠራው ጠመንጃ በሜዳው በር ላይ ይፈተናል። በሩ ላይ የፍጥነት መለኪያ አለ፤ ዳኛው ጥቂት ጊዜ ያስተኩስና ቁጥሩን ያነባል፤ ያለፈው ምልክት ይለጠፍበታል። ጓደኛችን የነገረን አንድ ወሬ አለ። ከላቦራቶሪው ሰዎች አንዱ፣ በትምህርቱ የሚመሰገን ልጅ፣ ሌሎች እንደሚያደርጉት ሳይሆን ጠበብ ያለ ቱቦና ኤም 100 ሞላ አግኝቶ ገጥሞ መጣ። መለኪያው 101 አለ። ይህም 1.02 ጁል ነው። ልጁ ነገሩን በሣቅ ሊያልፈው ፈልጎ «ሁለት ሜትር ብቻ እኮ ነው!» ቢል ዳኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጌታዬ፣ ይህ ከኛ ሜዳ ብቻ አይደለም የወጣው» አለው። የሚያስቅ ነገር እንዳልሆነ ያኔ ገባው። ጠመንጃውን በከረጢቱ ዘግቶ የኪራይ መሣሪያ ይዞ ዋለ፤ ማታውን ቤቱ ገብቶ የድሮውን ሞላ መለሰበት። በቴክኒክ ትምህርት አንደኛ የሆነ ሰው በሁለት ሜትር ፍጥነት ከሕግ ወዲያ ማዶ መገኘቱ ለወጣት ባለሥልጣኖቻችንም ጥቂት የሚያሳስብ ነገር ያለበት ይመስለናል፤ ሕግ በክርክር ሳይሆን በመለኪያ ሲጻፍ እንዲህ ያለ ቅርጽ አለው።

ወሰኑ በየሀገሩ አንድ አይደለም። በብሪታንያ በ2017 የወጣው ሕግ፣ ምላጭ አንዴ ተይዞ ብዙ ለሚተኩስ ጠመንጃ 1.3 ጁል፣ አንድ በአንድ ለሚተኩስ 2.5 ጁል ፈቅዷል። የቤት ውስጥ ሜዳዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከሀገሩ ሕግ ዝቅ ያለ የራሳቸው ደንብ አላቸው። ምክንያቱን በወረቀት ላይ ልናሰላው እንችላለን። ቀላሏ ፍሬ በአየር ውስጥ ሃያ ሜትር ስትጓዝ ፍጥነቷ ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ጉልበቷም ወደ ሩብ ገደማ። በሦስት ሜትር ግን ከአምስቱ አራት እጅ ጉልበቷን እንደያዘች ነው። በጫካ ውስጥ አየሩ ራሱ ይገላግላል፤ በጓዳ ውስጥ ገላጋይ የለም። ጥርሱን በፍሬ ያጣ ተጫዋች የሚገኘውም እንዲህ ባለ ቦታ ነው፤ ስለዚህ መነጽር ብቻ ሳይሆን አፍና አፍንጫን የሚከድን ጭምብል ያስፈልጋል። ጭምብሉ ላብ ቢሞላውም፣ መስተዋቱ በእስትንፋስ ቢጨልምም፣ በሜዳው ውስጥ ማውለቅ ክልክል ነው።

እንግዲህ ደካማ መሆኑ ይህን ያህል ከጠቀመ ለምን ጨርሶ አያደክሙትም የሚል ጥያቄ ይነሣል። እዚህ ላይ ነው ጨዋታው ከሌላ ጨዋታ የሚለየው። ቀለም በተሞላ ፍሬ የሚጫወቱ ሌሎች ሰዎች አሉ፤ የተመታው ልብሱ ይቀባል፤ ክርክር የለም። የኤርሶፍት ፍሬ ግን ነጥራ ትሄዳለች እንጂ ምልክት አትተውም። መመታቱን የሚያውቀው የተመታው ሰው ብቻ ነው። እጁን አንሥቶ «ሂት!» ብሎ ካልወጣ ማንም ሊያስረዳበት አይችልም። ስለዚህ ፍሬዋ በወፍራም የክረምት ልብስ ላይ ስታርፍ ቢያንስ መሰማት አለባት። ሳትሰማ የቀረች እንደሆነ ሐቀኛው ሰው ባላወቀው ነገር ሐሰተኛ ይባላል፤ ጠብም ይነሣል። የጠመንጃው ሠሪ የሚደክመው በሁለት ወሰን መካከል ነው፤ ከላይ የሚያቆስል፣ ከታች የማይሰማ፤ በመካከሉ ያለው መሬት እንደ ግንድ ድልድይ ጠባብ ነው። ባለሙያው የፈለገው ጉልበት የተመታውን ሰው እውነት እንዲናገር የሚያስችለውን ያህል ብቻ ነው።

ጉልበቱን እንዲህ በልክ ያወረደ ሰው ሊያወርደው የማይችለው አንድ ነገር ግን አለ፤ እርሱም መልኩ ነው። በሦስት ሜትር ቀርቶ በእጅ ይዘውት እንኳ ከእውነተኛው መለየት የሚያስቸግር አምሳያ አለ። በዩናይትድ ስቴትስ በ1988 የወጣ ሕግ እንዲህ ያለ መጫወቻ በአፈሙዙ ጫፍ ብርቱካንማ ምልክት ይዞ እንዲሸጥ ያዝዛል። አንዳንድ ሰዎች ጠመንጃቸውን ሲያሳምሩ መጀመሪያ የሚነቅሉት ይህንኑ ምልክት ነው፤ «መልኩን ያበላሻል» ይላሉ። በኖቬምበር 2014 በክሊቭላንድ ከተማ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ምልክቱ የሌለው የኤርሶፍት ሽጉጥ ይዞ በመናፈሻ ሲጫወት ተገኘ። የፖሊስ መኪና መጥታ በቆመች በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ተመታ፤ በማግስቱም ሞተ። በዚያን ቀን የፖሊሱ ሥራ ብዙ አስወቅሷል፤ መወቀሱም ተገቢ ነው ብለን እናምናለን። ያም ሆኖ ያቺን ብርቱካንማ ቀለበት ለውበት ሲል የሚነቅል አዋቂ ሰው የሚሠራው ምን እንደሆነ ሳያውቅ የሚሠራ ነው ከማለት በቀር ሌላ ቃል አላገኘንለትም። በዚህ ጽሑፍ ካነሣናቸው ማሻሻያዎች ሁሉ ጨዋታውን በምንም መንገድ የማይጠቅም እርሱ ብቻ ነው።

ብሪታንያ በ2006 ባወጣችው፣ በ2007 ሥራ ላይ ባዋለችው ሕግ፣ እውነተኛውን የሚመስል አምሳያ እንዲሁ ለመጣ ሰው እንዳይሸጥ ከለከለች፤ ተጫዋች መሆኑን ያላስረዳ ሰው የሚሸጥለት በደማቅ ቀለም የተቀባው ነው። የጃፓን ሰዎች ደግሞ መልኩን ትተው መሸፈኑን አጥብቀዋል። ከቤት እስከ ሜዳ ድረስ ጠመንጃው በከረጢት ተዘግቶ ይሄዳል፤ ባትሪው ይነቀላል፤ የፍሬው ካዝና ይወልቃል። በመንገድ ላይ ማንም እንዳያየው መጠንቀቅ ከጨዋታው ደንብ እንደ አንዱ ይቆጠራል። የጓደኛችን ወዳጅ ለዚህ ብሎ የገዛው የጊታር መያዣ ነው፤ ለአጭር ጠመንጃ ሰፊ ቢሆንም በባቡር ውስጥ ዓይን አይስብም።

አንድ እሑድ ጧት ሁለቱ አብረው ወደ ሜዳው ሲሄዱ ከጎናቸው የተቀመጡ አንዲት ባልቴት መያዣውን አይተው፣ ምን ዓይነት ዜማ እንደሚጫወት ጃፓናዊውን ጠየቁት። እርሱም ከመቀመጫው ከፍ ብሎ እጅ ከነሣ በኋላ፣ «እማማ፣ ገና ለማጅ ነኝ» አላቸው።